በጃንጥላ የተሰበሰቡ ጥያቄዎች

ኑ ልጆቼ፣ ወደ ፊት ቀረብ በሉ። ከኋላ ያላችሁትም ኑ፤ ወንበሩ አይነክስም። ቦርሳችሁን ከእግራችሁ ሥር አድርጉት። ጣሪያው ላይ ያለችውን ጥቁር ነገር ደግሞ አትፍሯት፤ ወደ እሷ መመለሳችን አይቀርም። አሁን ስለ ቄስ ጥዑመልሳን ስሙኝ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ያየሁትንና ካዩት የሰማሁትን ግን ሳላበላሽ እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቦታው ይኸው ደብረ ወንዝ ዩኒቨርሲቲ። በዚያን ጊዜ በግቢው ውስጥ ጆሮ የሌለው ክፍል አልነበረም። ጆሮ ስላችሁ የሰው ጆሮ አይደለም፤ የልጅ መዳፍ የምታክል፣ ክብ፣ ጥቁር፣ መሃሏ ላይ አረንጓዴ መብራት ያላት ነገር ናት። መብራቷ በርቶ ከሆነ ትሰማለች። በመኝታ ክፍል አለች፣ በምግብ አዳራሽ አለች፣ በመታጠቢያ ቤቱ መግቢያ አለች። መጀመሪያ ስትሰቀል ተማሪው ትንሽ አጉረመረመ አሉ። ዓመት ሳይሞላ ግን ቀና ብሎ የሚያያት አልነበረም።

ጆሮዋ የሰማችው ሁሉ ተጠቃልሎ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለቤተሰብ ይላካል። ማጠቃለያ ይባላል። እንዲህ ይላል፦ «ልጅዎ በዚህ ሳምንት ዐርባ አንድ ጊዜ ስቃለች። አራት ጊዜ ደክሞኛል ብላለች። ከወንድ ተማሪዎች ጋር ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ተነጋግራለች፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ከሃምሳው ስለ ትምህርት ነው።» ወላጅ ይህን ወደደው። ልጁ ሩቅ አገር ሆኖ ስንቴ እንደሳቀ ማወቅን ማን ይጠላል?

ሳቁ ካነሰ ከቤት ስልክ ይደወላል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ተማሪዎቹ ከምግብ አዳራሹ ፊት ይሰበሰቡ ነበር።

«ስንት ቀረሽ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ አምስት። ነይ በቃ፣ አብረን እንጨርሰው።»

ከዚያ ቆመው ይስቃሉ። ሲጨርሱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ።

ደንቡ ደግሞ ጆሮ ያልሰማው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ይላል። አንድ የሒሳብ መምህር የክፍሉ ጆሮ ሦስት ሳምንት ተበላሽቶበት ሳያውቅ አስተምሮ፣ ሦስቱን ሳምንት እንደገና አስተምሯል። ተማሪዎቹም ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቀዋል። የገባቸውም እንዳልገባቸው ሆነው ጠየቁ።

ከዚህ ሁሉ ሕጉ ያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንስሐ። የተመዘገበ ካህን ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው «ይፍቱኝ» ካለ ጆሮዋ ትዘጋለች፤ መብራቷ ድርግም ይላል። የምትከፈተው ያው ካህን በገዛ ድምፁ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ወይም «ይፍታሽ» ሲል ነው። የሌላ ሰው ድምፅ አይከፍታትም። ካህኑ ከመስቀሉ ጋር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ትንሽ ካርድ አለች፤ ጆሮዋ በሷ ታውቀዋለች።

የደብረ ወንዝ ግቢ ካህን ቄስ ጥዑመልሳን ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት፤ ግቢው ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ናቸው። አንድ አመል ነበረባቸው፤ አንጀታቸው ቶሎ ይንሰፈሰፋል። ተማሪው ገና ግማሹን ሳይነግራቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» ይላሉ። ተማሪዎቹ ይቀልዱባቸዋል። «አባ ጋ ስትሄድ ከባዱን አስቀድም፤ ሳትጨርስ ነው የሚፈቱህ» ይባባላሉ።

በዚያ ዓመት እስከ ጥር ድረስ ዐሥራ ሰባት ሴት ተማሪዎች በጥንቃቄ ዕረፍት ወጡ። የጥንቃቄ ዕረፍት ማለት እንዲህ ነው፤ አንዲት ተማሪ ማርገዟ ከአፏ ከተሰማ፣ የተማሪ ክብካቤ ቢሮ «ታርፍ ዘንድ» ወደ ቤቷ ይሸኛታል፤ ሻንጣዋን የሚሸከም ሰውም ይመድብላታል። ከዕረፍቱ የተመለሰች ግን አልነበረችም።

ትምህርቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የአካል ዕውቀት የሚባል ትምህርት በስክሪን ይማራል፤ ሁሉም መቶ ከመቶ ያገኛል። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ «ጥያቄ አለ?» ይላል። ማንም አይጠይቅም። የጠየቀው ቅዳሜ ጠዋት ለአባቱ ይነበባላ!

አንድ ቀን የተማሪዎች ዲኑ ዶክተር ፍሬሰንበት ወደ ቄሱ ክፍል መጡ። መስቀል ተሳልመው ተቀመጡ።

«አባ፣ አውደ ጥናት እንዲያዘጋጁልን ነው የመጣሁት።»

«በምን ጉዳይ?»

ዲኑ ወደ ጣሪያው አዩ። «ይፍቱኝ» አሉ። መብራቱ ጠፋ። «በወሲብ ጉዳይ።»

ቄስ ጥዑመልሳን መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ለዚህ ነው ይፍቱኝ ያሉኝ?»

«ማጠቃለያዬ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ የምታነበው እናቴ ናት።» ዲኑ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ቄስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ንስሐም መጋረጃ አይደለም፤ ከኋላው ተሁኖ የተፈለገው አይወራበትም።»

«ሐኪም አለችን አባ። የሚጠይቃት ነው የጠፋ። እነዚህ ልጆች የሚጠይቁት ጆሮዋ የማትሰማበት ቦታ ካገኙ ብቻ ነው፤ እሱ ቦታ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ምን ላድርግ?»

ቄሱ አስብበታለሁ ብለው ሸኟቸው። ሲሸኟቸው ፈቷቸው፤ መብራቱ በራ።

ምሳ ሰዓት ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ምስር ትለቅማለች። ስንዱ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ነገሩን ሲነግሯት ትሪውን አስቀምጣ ሳቀች።

«አንተ ልታስተምር? ሦስት ልጅ ወልደን እስካሁን ስሙን ጠርተኸው አታውቅም እኮ!»

«አትሳቂ፣ የምሬን ነው። የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው ይሄ?»

ስንዱ መሳቋን ተወች። «ባለፈው ወር የወጣችዋን ልጅ እስከ በሩ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ ያንተ መስቀል ነበር፤ አንተ የሰጠሃት። ስለ ጾም ነግረሃታል፣ ስለ ስግደት ነግረሃታል። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልነገርካትም። ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አልነበረችም?»

ቄሱ አጠገቧ ተቀመጡ። ምስሩን አብረው ለቀሙ። ሲጨርሱ «እኔ የማላውቀውንስ?» አሉ።

«እኔ አለሁ። አንተ በሩን ክፈት።»

አውደ ጥናቱ ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሠላሳ ሦስት ተማሪዎች መጡ። የሙስሊም ተማሪዎች መምህር ሼህ ኑረዲንም የራሳቸውን ልጆች ይዘው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እሳቸው የሚዘጉት ጆሮ ሕጉ አልሰጣቸውም። «ቃሉን ልጆችህ ይበሉት፤ ጥያቄው የጋራችን ነው» አሉ። አንድ ተማሪ ተነስቶ «ይፍቱን አባ» አለ። መብራቱ ጠፋ።

ቄስ ጥዑመልሳን ቆሙ። «ቃሉ ተብሏል» አሉ። «ከተባለ ደግሞ የምር ነው። እዚህ የሰማሁትን ይዤው እቀበራለሁ። እንግዲህ ጠይቁ።»

ማንም አልጠየቀም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠላሳ ሦስት ሰው ጫማውን ሲያይ ዋለ። ልጆቹ ሳይጠይቁ ነው ያደጉት፤ ጥያቄ ከየት እንደሚጀመር አያውቁም። በሚቀጥለው ረቡዕም ያው ሆነ።

ቄሱ ያን ጊዜ በበዓል ቀን ምእመናን ምጽዋት የሚጥሉበት ጃንጥላ ታወሳቸው። የገዛ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ገለበጡት። ወረቀትና እርሳስ አደሉ። ጥያቄውን ጽፎ እያጠፈ ሁሉም ይጥላል፤ ከዚያ እየተነሱ የሰው ጥያቄ ያወጡና ጮክ ብለው ያነባሉ። የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ችግር ብቻ ነበረ፤ በስክሪን ስላደጉ ከልጆቹ እርሳስ ይዞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቄሱ አራት ረቡዕ ጽሕፈት አስተማሩ። እጅ እየያዙ፣ አንድ በአንድ፣ ሀ ብለው። የሠላሳ ሦስቱንም የእጅ ጽሕፈት እንደ መልካቸው ለዩት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ የሎሚ ጭማቂ እርግዝና ይከላከላል ወይ ብሎ ጠየቀ። «ሎሚ ለሰላጣ ነው» አለች ስንዱ፤ ከዚያ የሚከላከለውን ነገረቻቸው። ወንድ ልጅ እምቢ ማለት ይችላል? ይችላል። ካልፈለግኩ አልወደድኩትም ማለት ነው? አይደለም። ስንዱ እንዴቱን ትነግራለች፤ ቄሱ ለምኑን ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ጆሯቸው ቀልቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። በዘጠነኛው ረቡዕ ግን ስሙን ጠሩት። ስንዱ አጨበጨበች።

በዐሥረኛው ረቡዕ ወረቀት የማውጣት ተራው የስምረት ነበር። ስምረት ገብረየስ የአራተኛ ዓመት የውሃ ምህንድስና ተማሪ ናት፤ ለመመረቅ ሦስት ወር ቀርቷታል። ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ልጅ። አባቷ አቶ ገብረየስ ንብ አናቢ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠቃለያዋን ከደጃፋቸው ቆመው ለጎረቤት ጮክ ብለው ያነባሉ። ኩራታቸው ናት።

ስምረት ወረቀቱን ዘረጋችና አነበበች። «አባ፣ እኔ አልፈለግኩም ነበር። እምቢ አልኩት፤ አልሰማኝም። እሱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰላም ይለኛል። ኃጢአቱ የእኔ ነው?»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ወረቀቱ አላለቀም፤ እሷ ግን ቆመች። ቄስ ጥዑመልሳን ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አመላቸውም ቀደማቸው።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉ።

መብራቱ በራ። ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያጎነበሰ ነው። ስምረት እንባዋን ጠርጋ የቀረውን አነበበች። «ሁለት ወር ሆነኝ፤ የወር አበባዬ ቀርቷል። ለማን ልንገር?»

ከበሩ አጠገብ ሼህ ኑረዲን ተነሱ። «ቄስ! ጣሪያው!»

ቄሱ ቀና ብለው አረንጓዴዋን አዩ። የወረቀቱ መጨረሻ በስምረት ድምፅ ተሰምቷል።

በማግሥቱ ጠዋት ደብዳቤው መጣ። ተማሪ ስምረት ገብረየስ በገዛ ድምፅዋ የወር አበባዋ መቅረቱን ተናግራለች። ጉዳዩ በሰባተኛው ቀን በኮሚቴ ይታያል። እስከዚያ ማጠቃለያዋ ታግዷል፤ ውሳኔው ተጨምሮበት ይላካል።

ስንዱ ልጅቷን ይዛ ወደ ክሊኒክ ሄደች። ምርመራው እርግዝና የለም አለ። ስንዱ ወረቀቱን ለክብካቤ ቢሮው ኃላፊ ሰጠች። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ተነስቶ ነው የተቀበላት።

«ድምፅዋ አለ ይላል፣ ምርመራው የለም ይላል» አለ። «ስለዚህ ነበረ ማለት ነው። ነበረ ካልን ደግሞ፣ እማማ፣ ወዴት ሄደ? ይህ ሌላ አንቀጽ ነው።»

ስንዱ ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠች።

ቄሱ ወረቀቷን ዳዊታቸው ውስጥ አስቀምጠዋት ነበር። የማን እንደሆነች ገና ስምረት ስትዘረጋት ከርቀት ለይተዋታል፤ ለ ስትጽፍ አንዱን እግር የምታጥፍ ልጅ አንዲት ናት። ወረቀቷን ለኮሚቴው ቢያሳዩ ስምረት ነፃ ትወጣለች። ያቺኛዋ ደግሞ በጽሕፈቷ ተለይታ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች።

«የማን እንደሆነች ታውቃለህ አይደል?» አለች ስንዱ።

ዳዊታቸውን ዘጉት።

«አትንገረኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ምን አድርጋ ነው የፈታሃት?»

«ማን?»

«የጻፈችዋ። ኃጢአቱ የእኔ ነው ወይ ብላ ነው የጠየቀችህ። አይደለም ማለት ነበረብህ። አንተ ፈታሃት። የተፈታ ሰው ምን ይመስለዋል? ታስሬ ነበር ይላል።»

ቄስ ጥዑመልሳን የጆሮዋ መከፈት ነበር ያስጨነቃቸው። ይህንን አላሰቡትም ነበር። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በአምስተኛው ቀን ስምረት ወደ ክፍላቸው መጣች። «ይፍቱኝ አባ» አለች። መብራቱ ጠፋ።

«ወረቀቱ እርስዎ ጋ ነው?»

«አለ ልጄ።»

«እንዳያሳዩት።»

«አንቺስ? ሦስት ወር ነው የቀረሽ።»

«እኔ ያነበብኩት ነው አባ። እሷ የደረሰባት ነው።» ጣቶቿን አፍተለተለች። «ግን እፈራለሁ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ ሲያነብ ቀድሞ አያየውም። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሚገባው። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እየሰማ…»

ቄሱ ለመፍታት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ ዘጉት። «ሌላስ? ጨርሰሻል?»

«አልጨረስኩም» አለች፤ ገርሟት። ጠይቀዋት አያውቁማ። ሌላ ግማሽ ሰዓት አወራች።

ሰባተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ኮሚቴው በዚህ አዳራሽ በዐሥር ሰዓት ተቀመጠ። ሰብሳቢው ራሳቸው ዶክተር ፍሬሰንበት ናቸው፤ አጠገባቸው የክብካቤ ቢሮው ኃላፊ። ስምረት ከፊት ብቻዋን። ከኋላ ሠላሳ ሁለቱ የረቡዕ ተማሪዎች፣ ስንዱና ሼህ ኑረዲን። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካልተወሰነ ሰባቱ ቀን ያልፋል፤ ያለፈ ጉዳይ እንዳልተነሳ ይቆጠራል። ነገር ግን ኮሚቴው ውሳኔ አሳድሮ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

ድምፅዋን አሰሙ። «ሁለት ወር ሆነኝ፤ የወር አበባዬ ቀርቷል። ለማን ልንገር?» ስምረት አንገቷን አቀረቀረች።

«ይህ ድምፅ ያንቺ ነው?» አሉ ዲኑ።

«የኔ ነው።»

«የምትጨምሪው አለ?»

«የለም።»

ዲኑ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ተማሪዋ ከወረቀት ስታነብ ነበር ይባላል። ወረቀት አለ?»

ቄስ ጥዑመልሳን ዋሽተው አያውቁም። «አለ» አሉ።

«እዚህ ይዘውታል?»

«ይዤዋለሁ።»

«ይስጡን እንግዲህ፤ ልጅቱም ትገላገላለች» አለ የቢሮው ኃላፊ፤ እጁን ዘረጋ።

ቄሱ ተነሱ። ዳዊታቸውን በብብታቸው አጥብቀው ያዙ። ወደ ኮሚቴው አልሄዱም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ጥምጣማቸውን አወለቁ። ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ሰው ያየው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ሰው ለካህን በሚለው አክብሮት፣ «ልጆቼ፣ ይፍቱኝ» አሉ።

መብራቱ ጠፋ።

«አንዲት ልጅ ኃጢአቱ የእኔ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አሉ። «አይደለም ማለት ሲገባኝ ፈታኋት። ያልታሰረችውን ፈታሁ። ልጄ፣ ያንቺ አልነበረም። የሱ ነው። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ይህን ነው፤ ዛሬ አልኩት። ይቅር በሉኝ።»

ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ብዙዎቹም ሸፍነው ስለነበር ማን እንደሆነች አልታወቀም። ቄሱ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ተቀመጡ።

የቢሮው ኃላፊ ጣሪያውን አየ። «አባ፣ ጆሮዋ ተዘግታለች።»

«አዎ።»

«ቃሉን ይበሉና ትከፈት፤ ስብሰባው ሳይሰማ ሊቀር ነው።»

«የትኛውን ቃል?»

«የመፍቻውን ነዋ!»

«ንስሐ የገባሁት እኔ ነኝ» አሉ ቄስ ጥዑመልሳን። «ካህን ራሱን አይፈታም።»

ኃላፊው ደንቡን አገላበጠ። ሌላ ካህን ይጠራ አለ፤ ጆሮዋ የምታውቀው የሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። ሌላ አዳራሽ እንሂድ አለ፤ አዳራሽ ለመቀየር ማመልከቻው ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል። በመጨረሻ ወንበር ላይ ወጥቶ አፉን ወደ ጣሪያው አስጠግቶ «እግዚአብሔር ይፍታዎት!» ብሎ ጮኸ። መብራቱ አልበራም። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዓርብ አልነበረም፤ የሚቆጥርም አልነበረም።

ስምረት ከተቀመጠችበት ተነሳች። እንደሷ ነገሩ የሚገባው አልነበረም፤ የሷ ቃል ምንም እንደማይከፍት ታውቃለች። ቄሱ ፊት ሄዳ ቆመች። «እግዚአብሔር ይፍታዎት አባ» አለች፤ ዝግ ብላ።

ጣሪያው ላይ ምንም አልበራም። ቄሱ ግን «አሜን» አሉ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ዶክተር ፍሬሰንበት ወረቀታቸውን ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጉዳዩ አልፏል አሉ። ሊወጡ ተነስተው መልሰው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ተዘግታ ካለች…» አሉ። «እኔም አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ።»

ስንዱ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ምን እንደጠየቁ አይነገርም፤ ቃሉ ተብሏል። ብዙ እንደቆዩ ግን ሁሉም አይቷል።

የሚቀጥለው ሰኞ ቄስ ጥዑመልሳን ከመዝገብ ተሰረዙ። ካርዳቸው ተወሰደ፤ ድምፃቸውና ስማቸው ከጆሮዎቹ ሁሉ ጠፋ። ከክፍላቸው ያወጡት ጃንጥላቸውንና ዳዊታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቢሮው አንድ ነገር የገባው፤ የዚህች አዳራሽ ጆሮ የምትከፈተው በቄስ ጥዑመልሳን ድምፅ ነው፤ ቄስ ጥዑመልሳን የሚባል ድምፅ ደግሞ የለም። ለሠሪዎቹ ተጻፈ። የተመዘገበውን ካህን ያናግሩ የሚል መልስ መጣ። ትነቀል ተባለ፤ በንስሐ ላይ ያለች ጆሮ መንቀል ክልክል ነው። በመጨረሻ በሩ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ አዳራሽ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ረቡዕ ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ ግን ተማሪው ሞልቶ መቀመጫ ይጠፋ ጀመር።

ስምረት ሰኔ ላይ ተመረቀች። ኮሚቴው በተቀመጠበት ሳምንት የተላከው ማጠቃለያ «ልጅዎ ረቡዕ ለሁለት ሰዓት ያህል አልተሰማችም» ይል ነበር። አቶ ገብረየስ ከደጃፋቸው ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት። ትንሽ አሰቡና «ደግ አደረገች» አሉ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ወደ ንቦቻቸው ሄዱ። ያቺ ወረቀቱን የጻፈችዋ ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስንዱን ቤት አንኳኳች። ከዚያ የሆነው የራሷ ነው፤ ጊዜ ወስዳ በገዛ አፏ ለዳኛ መናገሯንና እምቢታዋን ያልሰማውም በሕግ መጠየቁን ብቻ ልንገራችሁ።

ቄስ ጥዑመልሳን ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ረቡዕ ረቡዕ ይመጡና እዚያ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ያለ ካርድ ይቀመጡ ነበር። ወረቀት ሲነበብ ዓይናቸው እንባ ይሞላል፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ እስኪቀመጥ ድረስ አንድ ቃል አይወጣቸውም ነበር። ከባድ ነበር ለሳቸው። ለአንጀተ ቡቡ ሰው መስማት ከባድ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አዳራሹ ይኸው ነው። ጃንጥላውም ያው የሳቸው ነው፤ አንድ ዘንጉ ስለተሰበረ ቀስ ብላችሁ ጣሉበት። አሁን ወረቀትና እርሳስ ይታደላችኋል። መጻፍ የማይችል ካለ አይፈር፤ እጁን ይዘን እናስተምረዋለን።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። በዚህ ግቢ ካሉት ጆሮዎች ሁሉ የኒህ ሰው ስም ተሰርዟል፤ አንዷም አታውቃቸውም። ስለዚህ እናንተ አስታውሱልን። የሰው ጥያቄ ስታነቡ፣ ወይም አንድ ሰው ከፊታችሁ ተቀምጦ መናገር ሲጀምር፣ እስኪጨርስ ጠብቁትና በልባችሁ ቄስ ጥዑመልሳን በሉ። ይበቃቸዋል።